የዕቃ መንገድና የወረቀት መንገድ
ስለ ዓለም አቀፍ ንግድና ሎጂስቲክስ ትምህርት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዚህ ንግግር ርዕስ በኮሌጆች ስለሚሰጠው የዓለም አቀፍ ንግድና የሎጂስቲክስ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለው ርዕስ በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ መነሣቱ ለአንዳንዱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከመሐንዲሱ ሥራ ብዙ በማይርቅ ምሳሌ መጀመሩ የተሻለ ነው።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከቻይና አንድ የውሃ ፓምፕ አዘዘ እንበል። ፓምፑ በተፈለገው ዓይነት ተሠርቷል፤ በሚገባ ታሽጓል፤ መርከቡም በቀኑ ተነሥቶ በቀኑ ጅቡቲ ደርሷል። ዳሩ ግን ሻጩ በላከው ኢንቮይስ ላይ የተመለከተው የሞዴል ቁጥር ባንኩ በከፈተው የመተማመኛ ሰነድ፣ ማለትም በኤል.ሲ.ው ላይ ከተጻፈው በአንድ አኃዝ ይለያል። ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ይላል። ደብዳቤ ይሄዳል፤ መልስ ይመጣል፤ እንደገና ይጻፋል። በዚህ መካከል የወደብ ኪራዩና የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ፋብሪካውም በግማሽ ኃይሉ ይሠራል። መሐንዲሱ ሲጠየቅ «ዕቃው ደርሷል» ይላል። የሒሳብ ሹሙ «ክፍያው አልተፈጸመም» ይላል። ትራንዚተሩም «ሰነዱ በእጄ አልገባም» ሲል ያስረዳል። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ፓምፑ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

በዚህ ምሳሌ መርከብም፣ መንገድም፣ ገንዘብም አልጠፋም። የታጣው የሦስቱን ባለሙያዎች ሥራ እንደ አንድ ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። የዓለም አቀፍ ንግድና የሎጂስቲክስ ትምህርት ዓላማም ይህን ሰው ማፍራት ነው። ትምህርቱ ይህን ሰው እንዲያፈራ ምን መያዝ እንዳለበትና የመሐንዲሱ ድርሻ በዚህ ውስጥ ምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመረመራል።

፩. የቃሉ እንግድነትና የሥራው ጥንታዊነት

ሎጂስቲክስ የሚለው ቃል በሰፊው የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት የጦር ጸሐፊዎች አማካይነት ነው። ከእነዚህም ዋነኛው በፈረንሳይኛ የጻፉት ባሮን ዦሚኒ ነበሩ። ቃሉ እንግዳ ይሁን እንጂ ሥራው በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ስንቅ የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ሙያ የቆየ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በአድዋ ፊት ለፊት ተፋጥጠው የነበሩት ሁለቱ ጦሮች ስንቅ እያጠራቸው የሄዱ ስለ ነበሩ የጦርነቱን ቀን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ የስንቅ ጉዳይ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

በንግድም በኩል የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን፣ ቡናውንና ሰሙን በአጋሰስ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ ሲጓዝ ዛሬ በኮሌጅ የሚጠኑትን ጥያቄዎች ሁሉ በራሱ ዘዴ ይመልስ ነበር። ምን ያህል ጭነት በአንድ በቅሎ ይጫናል? በየትኛው ኬላ ስንት ቀረጥ ይከፈላል? ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ለመሻገር በየትኛው ወር መነሣት ያስፈልጋል? ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም በመጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ፣ ኋላም የጉምሩክ ሹም ማለት ሆኖ የሥራውን ክብደት ይመሰክራል።

ይህን ማዕረግ ከያዙት አንዱ በድሬዳዋ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ያቀረቡት ዋና ሐሳብ ዕውቀት ባለው ሕዝብና ዕውቀት በጎደለው ሕዝብ መካከል የሚደረግ የንግድ ልውውጥ እኩል ሊሆን እንደማይችል ነው። ሐሳቡ የፈለቀው የባቡሩን ጭነት በዓይናቸው ከሚያዩ የጉምሩክ ሹም መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የንግድ ትምህርት ከዕቃው አጠገብ ሲሰጥ የተሻለ ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አይገኝም።

፪. ከባሕር የራቀች አገር ትምህርት

የምድር ባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መሥመሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነ። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ ከተማ ባልነበረበት ስፍራ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ የጥንቱ የሐረር ንግድም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። አንድ የመሐንዲስ ውሳኔ የንግድን ሥፍራ እንደሚለውጥ ተማሪው መጀመሪያ ሊማረው የሚገባው ምሳሌ ይህ ነው።

ከዚያም በኋላ የአሰብና የምጽዋ ወደቦች ዋና መውጫዎች ሆኑ፤ የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ሆነች። በ1998 በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በአሰብ በኩል የነበረው ንግድ ስለ ተቋረጠ ከውጭ ንግዱ እጅግ የሚበዛው ክፍል በጅቡቲ በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት። በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የምድር ባቡር ከ750 ኪ.ሜ. በላይ ርዝመት አለው። በጋላፊና በሚሌ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪ.ሜ. ያህል በሚርቀው በሞጆ የተቋቋመው ደረቅ ወደብም ለዚህ ርቀት የተሰጠ መልስ ነው፤ ወደቡ ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ ዕቃው ባለቤት እንዲቀርብ ተደረገ።

በውጭ አገር የተዘጋጁ የሎጂስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ የሚጽፉት ባሕር በደጃቸው ላላቸው አገሮች ነው። ሮተርዳምን ወይም ሲንጋፖርን በምሳሌነት የሚያነብ ተማሪ ዕቃው ከመርከብ ሲወርድ ዋናው ሥራ እንዳለቀ ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ግን ዕቃው ከመርከብ ሲወርድ ገና አንድ ድንበር፣ አንድ በረሃና አንድ የከፍታ መንገድ ይቀረዋል። ስለሆነም ትምህርቱ ከመጽሐፉ መጨረሻ በኋላ የሚጀምር ተጨማሪ ምዕራፍ አለው፤ ይህን ምዕራፍ የሚጽፉትም በሥፍራው የሚሠሩት ናቸው።

፫. ሣጥኑ

የዛሬውን የዓለም ንግድ መልክ ከሰጡት የምሕንድስና ሥራዎች መካከል እንደ ኮንቴይነር ያለ ቀላል ነገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የተባሉት አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለንብረት «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ ላይ 58 ሣጥኖችን ጭነው ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላኩ። ከዚያ በፊት ጆንያው፣ በርሜሉና ሣንዱቁ አንድ በአንድ በሰው ጉልበት ይጫንና ይወርድ ስለ ነበር መርከብ ከባሕር ላይ ይልቅ በወደብ ታስራ የምትቆይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሣጥኑ ጭነቱን ሳይከፍቱ ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መኪና ለማዛወር አስቻለ።

ነገር ግን ሣጥኑ ብቻውን ይህን ባላደረገም ነበር። የሣጥኑ ልክና የማዕዘኑ መያዣ በ1960ዎቹ ዓመታት በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስምምነት ባይደረስ ኖሮ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሣጥን በራሱ ክሬን ብቻ ያነሣ ነበር። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 6.06 ሜትር ርዝመት፣ 2.44 ሜትር ወርድ አለው፤ በሻንጋይም፣ በጅቡቲም፣ በሞጆም ልኩ ያው ነው። የደረጃዎች መመሳሰል በንግድ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሣጥኑ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ሞልቶ የገባው ምን ይዞ ይመለሳል? ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ሲጫን በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ያህል፣ ማለትም 19.2 ቶን ይገባል። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚገባው ጭነት ወደ ውጭ ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ አያሌ ኮንቴይነሮች ባዶአቸውን ወደ ወደብ ይመለሳሉ። ባዶ ሣጥን የሚመለስበትን ኪራይ የሚከፍለው ሞልቶ የመጣው ዕቃ ገዢ ነው። እንግዲህ የመላኪያ ምርት ማሳደግ ከውጭ ምንዛሪው ሌላ የመጓጓዣውንም ዋጋ እንደሚያቃልል ተማሪው በስሌት ሊያሳይ ይገባዋል።

እዚህ ላይ መሐንዲሱን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንደ ታወቀው የተሽከርካሪ እግር በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአክሰሉ ላይ ካረፈው ክብደት አራተኛ እርቢ ጋር የተቀራረበ ነው። ከተወሰነው በ20 በመቶ የበለጠ የጫነ መኪና ጉዳቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.07 ይሆናልና። ትርፍ የጫነው ነጋዴ የአንድ ምልልስ ኪራይ ያተርፋል፤ ኪሣራውን ግን የመንገዱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ይሸከመዋል። ንግድ የተማረ ወጣት ይህን ሳያውቅ፣ መንገድ የተማረውም ነጋዴው ለምን ትርፍ እንደሚጭን ሳይረዳ ቢመረቅ የሁለቱም ትምህርት ጎዶሎ ነው።

፬. ወረቀቱ

ዕቃ በአንድ መንገድ ሲጓዝ ወረቀቱ በሌላ መንገድ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ ዕቃው ይቆማል። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ጠንቅቆ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ሰነዶች አሉ።

የመጀመሪያው የሽያጩ ውል ነው። መሥሪያ ቤቱ በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ኢንኮተርምስ የተባሉትን የንግድ ቃላት ትርጓሜዎች አወጣ። በ2020 በተሻሻለው እትም እነዚህ ቃላት 11 ናቸው። ቃላቱ የሚመልሱት ሦስት ጥያቄ ነው፤ ማን ይከፍላል? ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሣራው ከየት ቦታ ጀምሮ በማን ላይ ይወድቃል? ሰነዱንስ ማን ያዘጋጃል? ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ሲ.አይ.ኤፍ. በተባለው ቃል ነው። በዚህ ውል ሻጩ የመርከብ ኪራይና መድን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል። ነገር ግን የዕቃው አደጋ ወደ ገዢው የሚተላለፈው ገና በመነሻው ወደብ በመርከቡ ላይ ሲጫን ነው። ሻጩ ከፍሏል ማለት ሻጩ ኃላፊ ነው ማለት አይደለም።

የባሕር በር ለሌላት አገር ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ ብሎ ቡና የሚሸጥ ላኪ እስከ መርከቡ ድረስ ያለውን የምድር ጉዞ በሙሉ በራሱ ኃላፊነት ይሸከማል። ኤፍ.ኦ.ቢ. ሻንጋይ ብሎ ፓምፕ የሚገዛም ባሕሩንም የብሱንም ይሸከማል። በወጪውም በገቢውም ረጅሙ የምድር መንገድ የሚወድቀው በኢትዮጵያዊው ነጋዴ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ለኮንቴይነር ጭነት ኤፍ.ኦ.ቢ.ና ሲ.አይ.ኤፍ. የማይስማሙ መሆናቸውን፣ ይልቁንም ኤፍ.ሲ.ኤ.ና ሲ.አይ.ፒ. የተሻሉ መሆናቸውን ራሱ ኢንኮተርምስ ያመለክታል። ምክንያቱም ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ከመውጣቱ ብዙ ቀን በፊት በአጓጓዡ ግቢ ተረክቦ ይቀመጣል። የቆየ ልማድን በመከተል ብቻ የሚዋዋል ነጋዴ እነዚያን ቀናት ሳያውቀው በራሱ አደጋ ያሳልፋቸዋል።

ሁለተኛው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ነው። በመላው ዓለም ባንኮች የሚመሩበት ደንብ የመጨረሻው እትም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ ይሠራበታል። የደንቡ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አለመሆኑ ነው። ሰነዱ ከቀረበለት በኋላ ለመመርመር ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀናት ተሰጥቶታል። በመግቢያው የተነሣው ፓምፕ የቆመው በዚህ ደንብ ነው። ባንኩ ስለ ፓምፑ ጥራት አላጠራጠረውም፤ የተጠራጠረው ስለ አኃዙ ነው። በደንቡ መሠረትም ትክክል ነበር። ኤል.ሲ.ው ሲከፈት የሞዴሉን ቁጥር ከመሐንዲሱ ዝርዝር ጋር ያመሳከረ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ሦስተኛው የጭነት ማስረጃው ቢል ኦፍ ሌዲንግ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ የማጓጓዣ ውል ማስረጃና የባለቤትነት ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የመልቲሞዳል ትራንስፖርት አዋጅ መሠረት አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከውጭው ወደብ ተረክቦ በአገር ውስጥ እስካለው ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊ መሆን ይችላል። አራተኛው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው፤ የፈሳሽ ፓምፖች ርዕስ ለምሳሌ 8413 ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለመስጠት የዕቃውን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም የንግድ ተማሪውን ወደ መሐንዲሱ ደጅ የሚያመጣ ሌላ ምክንያት ነው።

፭. ሦስት ዕቃዎች፣ ሦስት ሰዓቶች

ሎጂስቲክስ በመሠረቱ የጊዜ ሒሳብ ነው። ሆኖም ሁሉም ዕቃ በአንድ ሰዓት አይቆጠርም።

የፓምፑ ሰዓት የወለድ ሰዓት ነው። ለስሌት ያህል 2,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዓመት 15 በመቶ ወለድ በሚከፈልበት ብድር ተገዝቶ 40 ቀን ያለ ሥራ ቢቆም፣ ወለዱ ብቻ ወደ 32,900 ብር ይደርሳል። ዲመሬጁና ፋብሪካው ያጣው ምርት በዚህ ላይ ይታከላል።

ከቦሌ በአውሮፕላን ወደ ኤውሮፓ የሚላከው ጽጌረዳ ሰዓት ደግሞ የቅዝቃዜ ሰዓት ነው። አበባው ከተቆረጠበት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በመንገድ ላይ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ያገኘው አበባ ሲጫን አምሮ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

የማዳበሪያ ሰዓት ግን የክረምት ሰዓት ነው። በቆሎ በግንቦትና በሰኔ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል። ዘር ሲዘራ ያልደረሰ ማዳበሪያ በኋላ በብር የሚካስ አይደለም። እዚህ ላይ ተማሪው አንድ ስሌት በራሱ እጅ ሊሠራ ይገባዋል። 50,000 ቶን ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ጅቡቲ ደረሰ እንበል። ጭነቱ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሞላ አንድ ሚሊዮን ከረጢት ይሆናል። 40 ቶን በሚጭን መኪና ቢጓጓዝ 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። በቀን 50 መኪና ቢነሣ ሥራው በ25 ቀን ያልቃል። የአንድ መኪና ደርሶ መልስ 7 ቀን ከሆነ ለዚህ 350 መኪና ይበቃል።

አሁን በድንበርና በመጋዘን ደጅ በሚሆነው ሰልፍ ምክንያት ደርሶ መልሱ 10 ቀን ቢፈጅ ምን ይሆናል? እነዚያው 350 መኪናዎች በቀን ሊያነሡ የሚችሉት 35 ጭነት ብቻ ስለሚሆን ሥራው 36 ቀን ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ሾፌር የሦስት ቀን መዘግየት የሆነው ለጠቅላላው ጭነት የ11 ቀን መዘግየት ሆነ። መዘግየቱን በመኪና ብዛት ለመካስ ደግሞ 150 ተጨማሪ መኪና ማሰማራት ያስፈልጋል። በመጋዘን ደጅ አንድ ተጨማሪ ማራገፊያ መክፈት ከ150 መኪና ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚረክስ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። ስሌቱ ከመደመርና ከማካፈል የማያልፍ ሲሆን፣ ይህን አስቀድሞ አለመሥራት ግን የገበሬውን የዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል።

ከአገር ውጭ የሚደርስ ነገርም ይህን ሰዓት ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. ከማርች 23 እስከ 29 ቀን 2021 አራት መቶ ሜትር ርዝመት ያላት «ኤቨር ጊቨን» የተባለች መርከብ የስዊዝን ቦይ ዘግታ ቆይታ ነበር። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመድረሱ አያሌ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው እንዲጓዙ አደረጉ። ከእስያ ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በስዊዝ አያልፍም፤ ሆኖም መርከቡና ኮንቴይነሩ በስዊዝ የሚያልፈው የትልቁ መሥመር አካል በመሆናቸው ችግሩ አልፎት አይሄድም። ተማሪው ካርታ ማንበብን የሚማረው እንዲህ ያለውን ግንኙነት አስቀድሞ ለማየት ነው።

፮. ኮሌጁና ተማሪው

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ዋና ዓላማው የሒሳብ መዝገብ ያዥና ጸሐፊ ማሠልጠን ነበር። ኋላ ወደ ኮሌጅነት አድጎ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃልሎ ሎጂስቲክስን በዲግሪ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቷል። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን በብዙ ቦታ የሚታየው አሠራር ንግዱን በአንድ መምህር፣ ማጓጓዣውን በሌላ፣ ባንኩን በሦስተኛ ከፋፍሎ የማስተማር ልማድ ነው። ተማሪው በሦስቱም ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን ሳያይ ይመረቃል። የኮንቴይነርን ልክ በቃሉ ያውቃል፤ ማኅተሙ ሲቆረጥ አላየም። ዲመሬጅን ይተረጉማል፤ አስልቶት ግን አያውቅም። ሥራ ሲቀጠር «ልምድ የለህም» ይባላል፤ ልምዱ የሚገኝበት ግቢ ደግሞ ለተማሪ ዝግ ነው። ለአራት ዓመት የደከመ ወጣትና ልጁን ለማስተማር የከፈለ ቤተሰብ እንዲህ ባለ አዙሪት ውስጥ መግባታቸው እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ይህንን ለማሻሻል የሚከተሉት አሳቦች ለአስተያየት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ እውነተኛ ጭነት ከውሉ ጀምሮ እስከ መጋዘን ድረስ በሰነድ ይከታተል። ፋይሉ የተዘጋ፣ የነጋዴው ስምና ዋጋው የተሰረዘበት ቢሆን ይበቃል። እያንዳንዱ ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን ቀን ጽፎ፣ የት እንደ ዘገየና ለምን እንደ ዘገየ በራሱ ቃል ያስረዳ።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ የአንድ ክረምት የመስክ ትምህርት በሞጆ፣ በድሬዳዋ ወይም በጋላፊ ይሰጥ። ተማሪው ሰዓት ይዞ በደጅ ቆሞ የሚገቡትንና የሚወጡትን መኪናዎች ይቁጠር፤ ከሾፌሮች፣ ከጫኝና አውራጆች፣ ከትራንዚተሮችም ይማር። ሰልፍ የሚጠናው ከሰልፉ አጠገብ ነው።

ሦስተኛ፣ የቋንቋ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ አይወሰን። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ አፋርኛና ሶማሊኛ ደግሞ በመንገዱ ሁለት ወገን የሚነገሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን የሚያውቅ የወደብ ሠራተኛ በስልክ የሚጨርሰውን ጉዳይ ሌላው በሳምንት ደብዳቤ ላይጨርሰው ይችላል።

አራተኛ፣ የምሕንድስናና የንግድ ተማሪዎች ቢያንስ አንድ ኮርስ ባንድነት ይማሩ። መሐንዲሱ የዕቃ ዝርዝር ሲጽፍ ያ ዝርዝር ነገ በኤል.ሲ.፣ በኢንቮይስና በዲክላራሲዮን ላይ የሚገለበጥ መሆኑን ይወቅ። የንግድ ተማሪውም የዕቃውን ክብደት፣ የመሬቱን ዳገትና የመንገዱን አቅም መጠየቅ ይልመድ።

አምስተኛ፣ ስለ ሙያ ምግባር በግልጽ ይማሩ። ክብደትን አሳንሶ መጻፍ፣ ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስታወቅ፣ የዕቃን ስም መለወጥ በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልኀት ሲቆጠር ይታያል። ክብደቱ በሐሰት የተጻፈ ኮንቴይነር መርከብን ሊያዛንፍ፣ የክሬን ገመድ ሊበጥስ፣ ሰው ሊገድል ይችላል። የወረቀት ውሸት መጨረሻው በዕቃ ላይ ይታያል።

፯. የማኅበሩ ድርሻ

እነዚህን አሳቦች ለመፈጸም ኮሌጆች ብቻቸውን አይችሉም። የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፋብሪካውና በየግንባታ ሥፍራው ይገኛሉ። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ የማይጠብቅ አባል ጥቂት ነው። እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ድርጅት ያለቀ አንድ የግዥ ፋይል ለትምህርት እንዲውል ቢያስፈቅድ፣ ወይም በዓመት ሁለት ተማሪ በመጋዘኑ እንዲሠራ ቢያደርግ፣ ወጪው አነስተኛ ሲሆን ጥቅሙ ግን ለራሱ ለድርጅቱም ይተርፋል። ማኅበሩም በዚህ ጉዳይ ላይ ከኮሌጆች ጋር የሚነጋገር አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ቢያቋቁም መልካም ጅምር ይሆናል።

ያ ፓምፕ በመጨረሻ ፋብሪካው ይደርሳል፤ ዘግይቶም ቢሆን ይተከላል፤ ውሃም ይስባል። የዘገየውን ማዳበሪያ ግን ሐምሌ አይጠብቀውም። ገበሬው የሞዴል ቁጥር አይጽፍ፣ ኤል.ሲ. አይከፍት፣ በጋላፊ አይሰለፍ፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የጠፋው ቀን ተደምሮ በመጨረሻ የሚያርፈው በእሱ ማሳ ላይ ነው። የዓለም አቀፍ ንግድና የሎጂስቲክስ ትምህርት ተማሪው ይህን ድምር ከመጀመሪያው ሰነድ ላይ ሆኖ እንዲያይ ካስቻለው ሥራውን ሠርቷል።